ደርሶ መልስ

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ነው የመጣ፦
ቂርያት ጋት ገበያ ዘይት ይዤ ስወጣ
አንዲት ልጅ ከበሩ በፊኛ አጊጣ፣
«ስኳርም ብትገዢ፣ ሳሙና ብትገዢ
ነጥብ ይጻፍልሻል፣ በሰማይ ልትጓዢ»
ብላ ካርድ ሰጠችኝ፣ ስሜ ያረፈበት፤
ንጋቷን «ኔጋቶ» ብለው የጻፉበት።

ስድሳ ሺህ ነጥብ ነው ጎንደር ደርሶ መልስ፤
ትርንጎ፣ የእህቴ ልጅ፣ ቬሎዋን ስትለብስ
ከሠርጓም ከመልሷም እኔ አክስቷ ልደርስ።

ገዛሁ እንግዲህ።
ደህናውን መጥረጊያ በአዲስ ለወጥሁት፤
የበረንዳ ሥጋ መጥበሻ፣ በረንዳ ሳይኖረኝ፣ ገዝቼ አስቀመጥሁት።
የራይሳን መድኃኒት፣ የፈንታን ምንጣፍ
እኔ ልክፈልበት፣ ነጥቡ በኔ ይጻፍ፤
«ጥሬ ገንዘብ ስጡኝ፣ ዕቃውን ውሰዱ»
አልሁ እየዞርሁ፣ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ፣ ቢስቁም ቢፈርዱ።

ሦስት ዓመት ጠረግሁ የትምህርት ቤት ደጅ፤
ሦስት ዓመት ቆጠረ ኖአም የልጄ ልጅ፤
«ሳፍታ፣ አርባ ሺህ ሞላ»፣ «ሳፍታ፣ ሃምሳ አለፈ»
ሲለኝ የወገቤ ውጋት ሁሉ ረገፈ።

በስድሳ ሺህ ነጥብ ትኬቱን ቆረጥሁ፤
ለነጻው ትኬትም ዘጠኝ መቶ ሰቅል ጥሬውን ከፈልሁ።
ሠርጉ ሐሙስ ሊሆን፣ ማክሰኞ ምሽት
በረራው ተሰርዟል የሚል አጭር መልእክት።
ሻንጣዬ ከበሩ፣ አፉን እንደዘጋ፣
ተኝቶ አደረ፣ እኔ ተቀምጬ ዓይኔ ላይ ሲነጋ።

ከዚያማ ስልኩ ነው።
«ለዕብራይስጥ አንድ፣ ለሩስኛ ሁለት፣
ለእንግሊዝኛ ሦስት»፤ የኔ ቋንቋስ የት?
ኖአም አንድን ነካ፤ ፒያኖ ጀመረ፤
ምስር ጥጄ ነበር፣ ምስሩ አረረ፤
ፒያኖው አልበቃውም።
«አሥራ ሰባተኛ ነሽ፤ ስለ ትዕግሥትሽ እናመሰግናለን።»
ማሽን ነው የሚያወራው፤ እንዳንሰድበው እንኳ እናቱ ማን ብለን?

በስተመጨረሻ ኦርሊ የምትባል ልጅ፣
ድምጿ የለዘበ እንደ ክሊኒክ ደጅ፤
ኖአም ይሰማታል፣ ወደ እኔ ይዞራል፣
በተሰባበረ አማርኛው ያስረዳል፦
«ሳፍታ፣ መልስ አለ።»
«ተመስገን! ስንት ነው?»
«አይ፣ ገንዘብ አይደለም። መልስ ብቻ ነው።
መልሱም አይሆንም ነው።»

አየሽ ኦርሊ ልጄ፣ በኔ ቋንቋ ጉዱ፣
ብዙ ነው የመልስ መንገዱ፤
ከመቶ ሰቅሌ ላይ ባለሱቁ ቆጥሮ የሚሰጠኝ መልስ ነው፤
ሙሽሪት ከባሏ ጋር እናቷ ቤት ገብታ ስትበላ መልስ ነው፤
ሄጄ የምመጣበት፣ እሱም መልስ ነው፤
አንቺ የሰጠሽኝ ግን ከሁሉ ያነሰው።
ደርሶ መልስ ገዛሁ፤ ሳልደርስ መለሳችሁኝ፤
መልሴን መልሱ ብል፣ መልስ ሰጣችሁኝ።

ዘጠኝ መቶው ሰቅል በሠላሳ ቀን ነበር፤
ሠላሳው ሦስት ወለደ፣ ገንዘቡ የት ይደር?
ነጥቡም ዕድሜ ነበረው፤ ባለፈው ወር ሞተ፤
እዝን ያመጣ የለም፤ ድንኳን አልተዘረጋ፣ እንዲሁ ቀለጠ፣ እንዲሁ ተከተተ።

ትናንት ማታ ኖአም የሒሳብ ደብተሩን
ከፍቶ ያነባል ድምፁን ከፍ አድርጎ መምህሩ ያለውን፦
«ነጥብ ርዝመት የለው፣ ስፋትም የለው።»
ተውኩት ሽንኩርቱን። «ድገመው» አልሁት። ደገመው።
ስድሳ ሺህ ጊዜ ምንም ብደረድር በተርታ፣
ጎንደር ቀርቶ አይደርስም እስከ መኝታ ቤቴ አልጋ ራስጌ እንኳ ለአንድ አፍታ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ስልኬ ብልጭ አለ፦
«ውድ ኔጋቶ! ዛሬ ብቻ ነጥብ በእጥፍ አለ!»

ደብዳቤ ጻፍሁላቸው፣ በአማርኛ፤
አስተርጓሚ ይጥሩ፣ እነሱም ይሰለፉ አሥራ ሰባተኛ፤
ዘይቱን፣ ፊኛውን፣ ያረረ ምስሬን ሳልተው ጻፍሁት፤
ሻንጣው እንዳልተፈታም በሁለት መስመር ገለጽሁት፤
ከታች ግን ባዶ ነው፣ አልዘጋሁትም፤
ከእንግዲህ ከኔ እጅ አራት ነጥብ እንኳ አያገኙም